የሚታይ ግራሶ

እና ደግሞ ጋሼ ኣስመሮምን ማንም አላስገደዳቸውም፣ እኔ ነኝ ያሉት ራሳቸው ናቸው፣ በገዛ አፋቸው፣ አለቃችን ሊንዳ ፊት፣ እኔ ምን አደረግኩ፣ ጠየቅኩ እንጂ፣ መጠየቅ ወንጀል ነው እንዴ። አይደለም። ጓንትሽን አጥልቂ አጸደ፣ ሥራሽን ሥሪ፣ ቀለበቱ ይጠብቅሻል፣ ጥቁር የጎማ ቀለበት፣ የትሪ ያህል ሰፊ፣ አየሩ በፓምፕ ተመጥጦ የሚወጣለት የብረት ሣጥን፣ የቻምበሩ፣ በር ላይ የሚተኛው፣ እሱ በደንብ ካልተኛ አየር ይገባል፣ አየር ከገባ ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ቢያጓራ ዋጋ የለውም። ቀላል ነገር ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት ነገር ነው።

አሮጌዎቹን አምስት ቀለበቶች፣ የበሩንና ሌሎቹን አራት፣ በከረጢት አሽገን ለምርመራ ልከናቸው ነበር፣ ላኪያቸው ያለችኝ ሊንዳ ናት፣ እኔማ ባይላኩ ደስ ይለኝ ነበር፣ መልሱ ዛሬ ጠዋት ደረሰ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ የኔው በኢሜይል ጠራ፣ ሁለት መስመር፣ በበሩ ቀለበት ላይ ብዙ ሲሊኮን ግሪስ ተገኝቷል፣ በሌሎቹ አራት ቀለበቶች ላይ አልተገኘም፣ ከአክብሮት ጋር። ከአክብሮት ጋር! ሊንዳ ከኋላዬ አጎንብሳ አንብባው፣ እንግዲህ ሽማግሌው ነው ማለት ነው አለች፣ ምስኪን፣ አንድ ገጽ ጻፊና ፈርሚ፣ እንዝጋው። እሺ አልኳት። አፌ እሺ ለማለት ማን ይቀድመዋል። አራቱን ቀለበቶች የቀቡት ጋሼ ኣስመሮም ናቸው። በሩን ማን ቀባው። እንጃ። እንጃ አትበይ፣ እዚህ ከራስሽ ጋር ነሽ፣ ከፓምፑ በቀር የሚሰማሽ የለም።

አልኮል። የማይበጣጠሰው መጥረጊያ ጨርቅ። ቀለበቱ የሚቀመጥበትን ቦይ ዙሪያውን ጥረጊ፣ አንድ ዙር፣ ጨርቁን ቀይሪ፣ ሌላ ዙር። አሁን እንዴት ትጠነቀቂያለሽ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ።

ሲሊኮን ክፉ ግሪስ አይደለም፣ የሰው ስም አላጥፋ የግሪስም አላጥፋ፣ በቦታው ጥሩ ነው፣ ለብርጭቆ ቧንቧ መዝጊያ፣ ለተማሪ ላቦራቶሪ፣ ርካሽ ነው፣ እሺ ባይ ነው፣ ችግሩ አርፎ አይቀመጥም፣ ከቀባሽው ቦታ ተነስቶ በብረቱ ላይ እየዳኸ መስታወቶቹ ጋ ይደርሳል፣ ዓይን አያየውም፣ ከዚያ በኋላ መስታወቱ ላይ የምናለብሰው አሉሚኒየም አይይዝም። እኛ ቤት የሚሠራው ይኸው ነው፣ አየሩን በሙሉ ከቻምበሩ መጥጠን እናወጣለን፣ አሉሚኒየሙን እናተናለን፣ መስታወቱ ይለብሳል። ስለዚህ ለኛ የተፈቀደው ውዱ ነው፣ ነጩ ክዳን ያለው፣ በቫኪዩም ውስጥ የማይተንና ከቦታው ንቅንቅ የማይል። ሰማያዊ ክዳን ያለው ሲሊኮን እዚህ ክፍል መግባት ራሱ አልነበረበትም፣ አሮጌው የብርጭቆ ፓምፕ ስላለ ብቻ መሳቢያው ውስጥ ይኖራል። ሰማያዊ ክዳን፣ ነጭ ክዳን። ሕፃን ይለየዋል።

አሥራ ሁለት መስታወት ነው የተበላሸው። ይዞ እንደሆነ ልፈትን ስኮች ቴፕ ለጥፌ ስስበው አሉሚኒየሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቶ መጣ፣ የመጀመሪያው፣ ሁለተኛው፣ እስከ አሥራ ሁለተኛው፣ ሊንዳ አጠገቤ ቆማ ኖ፣ ኖ፣ ኖ ትላለች፣ ጋሼ ኣስመሮም ደግሞ ከኋላ ቆመው ዝም። እሳቸው ዝም ሲሉ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ወሬኛ ናቸው እኮ፣ እግዜር ይይላቸው፣ አሥመራ እንዴት አማርኛ እንደተማሩ፣ ተክለ ሃይማኖት ጋራዥ ውስጥ ስንት ሞተር እንዳወረዱ፣ ዴንቨር ኤርፖርት ሃያ ሦስት ዓመት ታክሲ ሲነዱ ማን ምን እንዳላቸው፣ ስሙን፣ ሻንጣውን፣ የጫማውን ቀለም። የጫማውን ቀለም ሳይቀር አጸደ። ይህን የሚያስታውስ ሰው ነው።

ቀለበቱን ወደ መብራቱ፣ ዙሪያውን፣ ጭረት የለም፣ ፀጉር የለም። ጥሩ።

እዚህ ያስቀጠርኳቸው እኔ ነኝ፣ ጡረታ መቀመጥ አቃተኝ ልጄ፣ ቤት ውስጥ ዝጌ አለቅሁ ሲሉኝ፣ ሊንዳን ለመንኳት፣ ሜካኒክ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው አልኳት። የመጀመሪያ ቀን ግሪሱን ሲቀቡ ብታዪ፣ ጣታቸውን ሙሉ ነክረው፣ እንደ ጋራዥ፣ ግሪሱን ግራሶ ነው የሚሉት፣ ግራሶ ያልጠገበ ብረት ይበላል እያሉ፣ ኧረ ጋሼ እዚህ ሌላ ነው አልኳቸው፣ እዚህ የምስር ፍሬ ያህል ነው፣ በሁለት ጣት መካከል ጎማውን እየሳቡ፣ እስኪያበራ ብቻ፣ ከዚያ መልሶ መጥረግ። ግሪስ አየር አያግድም፣ የሚያግደው ጎማው ነው፣ ግሪሱ ጎማው እንዲተኛ ይረዳዋል እንጂ። አየር ባፈሰ ቁጥር ግሪስ የሚጨምር ሰው ቀዳዳውን ይደብቀዋል፣ አይደፍነውም። እንዲህ ብዬ አስተማርኳቸው፣ እኔ፣ በዚህ አፌ። በሳምንቱ ከኔ በለጡ። እንዲያውም ተረት አወጡለት፣ የሚታይ ግራሶ የተረፈ ግራሶ ነው አጸደ፣ እያሉ ይስቃሉ፣ ለግራሶ ብቻ ሳይሆን ለቅቤም ለሽቶም ይላሉ፣ እኔም እስቃለሁ። እና ያ ሁሉ ሲሊኮን ከዚህ ሰው እጅ ወጣ ነው የምለው። ማን ያምነኛል። ሁሉም አመነኝ።

ሰዓቱ። ስልኩ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተደፍቷል፣ እኔ ነኝ የደፋሁት፣ እንዳያየኝ ይመስል።

ሳሌም ደውላ ነበር፣ ልጃቸው፣ ከኢሜይሉ በፊት፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ የተወለደች፣ አማርኛዋ እንደ ሽሮ ውስጥ ጠጠር ነው፣ አጸደ ሃይ፣ ባባ መኪናውን ሊሸጥ ነው፣ ላይክ፣ ቱዴይ፣ ከላንች በኋላ ሰውየው ሊያየው ይመጣል። ለምን አልኳት፣ ለምን እንደሆነ እያወቅኩ። ቢኮዝ ራሱን አያምንም፣ ዶክተር ጋ ወሰድኩት፣ ቴስቱን ሁሉ ፓስ አደረገ፣ ሂ ኢዝ ፋይን አሉኝ፣ ግን አይሰማም፣ እጄ የሠራውን ሥራ ጭንቅላቴ አያውቀውም ይላል፣ ምድጃ ዘግቻለሁ ብሎ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ከዛ ሄዶ ያየዋል፣ ከዛ ደግሞ ወረቀቱን ማን ጻፈው ይላል። ቁልፉን ለኔ ሰጠኝ አጸደ። ሰው እገድላለሁ አለኝ። ካን ዩ ቶክ ቱ ሂም፣ አንቺን ይሰማሻል።

አንቺን ይሰማሻል። አዎ፣ እኔን ይሰሙኛል፣ ሰምተውኝ እኮ ነው እዚህ የደረሱት።

ያ መኪና፣ ግራጫው ካምሪ፣ ጣሪያውን በረዶ ጠቃቅሶት የብርቱካን ልጣጭ ያስመሰለው፣ መንዳት የለመድኩበት ነው። ፒዮሪያ ስትሪት አንድ ግቢ ነበርን፣ እኔ አዲስ መጤ፣ ልጄን ሔቨንን እርጉዝ፣ አውቶቡስ እየጠበቅኩ ስንቀጠቀጥ አይተውኝ፣ ነይ ግቢ አሉ፣ ማታ ኮሌጅ ያደርሱኝ ነበር፣ ስድስት ወር፣ ከዚያ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ የተዘጋው ሱቅ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ፣ መሪውን አትነቂው ያዢው እንጂ፣ አትቸኩይ፣ የሚነዳ ሰው አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ነው የሚያይ። እኔን መንዳት ያስተማረው ሰው በኔ ምክንያት መንዳት ፈራ። እንዲህ ነው ነገሩ፣ ከዚህ ወዲያ ሌላ ስም የለውም።

በኔ ምክንያት አይደለም። ዕድሜያቸው ነው፣ ስልሳ ሰባት ዓመት፣ ቁልፍ ይጠፋባቸው ነበር፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ይፈልጉ ነበር፣ እኔም እፈልጋለሁ እኮ፣ ሰው ሁሉ ይፈልጋል። አንድ ቀን ታዲያ ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ፣ ቁልፉን አጥተን አብረን ስንፈልግ፣ ለማንም እንዳትነግሪ አሉኝ፣ ታላቅ ወንድሜ የገዛ ልጆቹን ረስቶ ነው የሞተ፣ እናንተ የማን ናችሁ እያለ፣ እኔ ሞትን አልፈራም አጸደ፣ ያንን ነው የምፈራው። ለሳሌም እንኳ አልነገርኳትም አሉኝ። ለኔ ብቻ። እኔም ለማንም አልነገርኩም፣ ምስጢር ጠባቂ ነኝ፣ አልነገርኩም፣ ተጠቀምኩበት እንጂ።

ኧረ ተይ። በይ፣ ቀለበቱን አስቀምጪው።

ስብሰባው ላይ ተቀምጠን ነበር፣ ሊንዳ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ እኔና ጋሼ ወዲህ፣ አሥራ ሁለቱ መስታወት መሃል ላይ ተደርድረው። ሁ ዲድ ዘ ዶር አለች። በሩን ማን ሠራው። አራት ቃል፣ ቁጣም የለባት። እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነበር፣ በቃ፣ ትበሳጫለች፣ ማስጠንቀቂያ ትጽፍብኛለች፣ የምጠብቀው የክፍሉ ኃላፊነት ይቀርብኛል፣ ይቅር። እኔ ግን ምን አደረግኩ፣ ወደ ጋሼ ዞርኩ፣ እንግሊዝኛ የማያውቁ ይመስል፣ ሃያ ሦስት ዓመት ታክሲ የነዱትን ሰው፣ በአማርኛ፣ በትሕትና፣ ጋሼ፣ በሩን የቀቡት እርስዎ ነዎት፣ ያስታውሳሉ? አልኩ። ያስታውሳሉ። ያቺን ማን ጨመራት። ሊንዳ አልጨመረቻትም። እጃቸውን አዩት፣ ቀኙን፣ አገላብጠው፣ መልሱ መዳፋቸው ላይ የተጻፈ ይመስል፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም፣ ቀና ብዬ አየኋቸው፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እኔ እሆናለሁ አሉ፣ ሌላ ማን ይሆናል፣ አንቺ አትሳሳቺም። ከዚያ ለሊንዳ፣ ኢት ዎዝ ሚ፣ ሶሪ፣ ማይ ሄድ፣ ብለው ግንባራቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ያኔ አቀረቀርኩ። ሊንዳ ለሳቸው ያዘንኩ መስሏት ትከሻዬን ነካችኝ።

ማንም አላባረራቸውም፣ በማግስቱ ራሳቸው መጡና ባጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ የመስታወቱን ዋጋ እከፍላለሁ አሉ፣ ሊንዳ በሣቅና በሐዘን መሃል ሆና ኖ ኖ አለች፣ ወጡ። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀን።

አላወቅኩም ነበር እላለሁ እንዴ አሁንም፣ ተጠራጠርኩ እንጂ አላወቅኩም። ቆይ። ሐሙስ ነው፣ ቀለበቶቹን የቀባን ዕለት። በይ እስቲ ሐሙስን አምጪው፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ስትሸሺው የከረምሽውን።

ሐሙስ ከሰዓት በረዶ ጣለ፣ ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው፣ ይወግረዋል፣ እርስ በርስ አንሰማማም። ሔቨን ደወለች፣ ማሚ ዌር አር ዩ፣ ኢትስ ሄይሊንግ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማለች፣ መጣሁ መጣሁ፣ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል አጣብቄ፣ በሩን ዘግቼ ፓምፑን ሳላስነሳ ብሄድ የነገው ሥራ ይበላሻል፣ መሳቢያውን ሳብኩ፣ የግሪስ ቱቦ አነሳሁ። ጋሼ አራቱን ጨርሰው ጨርቃቸውን እያጣጠፉ ነበር። ቀረብ አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ ቀስ ብለው፣ አጸደ፣ ይሄኛው ነው እንዴ ለበሩ?

አሉ። ብለውኛል። ይሄኛው ነው እንዴ።

እኔስ፣ ኧረ ጋሼ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼበታለሁ! እንዲህ ነው ያልኩት፣ ቱቦውን እንኳ ሳላይ። ደነገጡ። እሺ ልጄ፣ አንቺ ታውቂያለሽ አሉ፣ ወደኋላ አሉ። ሁለተኛ አልጠየቁም። ጋራዥ ውስጥ አለቃ ሁለት ጊዜ አይጠየቅም፣ ይህን ያውቃሉ፣ ልጃቸው የምታህል አለቃም ብትሆን፣ በተለይ ልጃቸው የምታህል ከሆነች፣ እንዳታፍር። የኛ ሽማግሌ ተሳስተሻል አይልም እኮ፣ ይሄኛው ነው እንዴ ይላል፣ እሱ ነው ተሳስተሻል ማለት፣ አባቴም እንዲህ ነበር፣ ቄሱም እንዲህ ነው፣ ሊንዳ ብትሆን ኖሮ አልገባትም ይባላል፣ እኔ በምን አፌ አልገባኝም እላለሁ። ገብቶኛል። ያኔ ባይገባኝ፣ ቴፑን ስስብ፣ የመጀመሪያው መስታወት አሉሚኒየሙን ሲለቅ፣ ገባኝ። ስብሰባው ላይ ስቀመጥ አውቅ ነበር። አውቅ ነበር። ይኸው፣ ወጣ።

ጓንቱን አውልቂ። በጓንት ስልክ አይነካም፣ ስልክ የፊት ቅባት አለበት፣ በዚያ ጓንት ቀለበቱን ብትነኪ ሌላ ጥፋት። አወለቅኩ። እጄ ላብ ብቻ ነው። ምን እላቸዋለሁ። ጋሼ፣ ምርመራው ተሳስቶ ነበር ብልስ፣ ማንም አላጠፋም፣ ፋብሪካው ነው፣ ግሪሱ ከፋብሪካው ተበላሽቶ ነው፣ እሳቸውም ይድናሉ እኔም እድናለሁ። አዲስ ጓንት አጠለቅኩ።

አያድናቸውም። ፋብሪካው ነው ብላቸው በሩን ቀብቼ ረሳሁ ማለታቸው ይቀራል እንዴ፣ ያልቀቡትን በር፣ የማያስታውሱት ያልሆነውን ነገር ነው፣ ሰውየው ያላደረገውን ነገር አላስታውስም ብሎ አበድኩ ይላል፣ ከጤነኛ አእምሮ ሌላ ምን ይጠበቃል። የሚያድናቸው አንድ ነገር ነው። ይሄኛው ነው እንዴ። ያቺን የምናውቅ በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ነን፣ አንደኛው ራሱን አያምንም፣ ሌላዋ እኔ ነኝ።

የምስር ፍሬ ያህል፣ ከነጩ ክዳን። በሌባ ጣትና በመካከለኛው፣ ጎማውን እየሳብኩ፣ ዙሪያውን፣ አበራ፣ አሁን ጥረጊው፣ የቀረው ይበቃዋል። ቦዩ ውስጥ አስተኛሁት፣ በሩን ገፋሁ፣ ፓምፑ ድምፁን ቀየረ፣ የግፊት መለኪያው ቁጥር መውረድ ጀመረ፣ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ያማረ ነው። ብቻዬን ሠራሁት። ከኋላዬ የሚጠይቀኝ የለም።

መኪና ገዢው ከምሳ በኋላ ነው የሚመጣው። ሊንዳ ትቆይ፣ ገጹን እጽፍላታለሁ፣ እውነቱን እጽፋለሁ፣ እሷ ግን ሁለተኛ ናት። ጓንቱን አወለቅኩና ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት፣ እንዳልመለስ።

ይጠራል። ይጠራል። አያነሱም ይሆናል፣ ባያነሱ፣ አቤት ስትመኚ፣ አንቺ ሰው አይደለሽም። ሃሎ። ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ አጸደ። ኦ፣ አጸደ፣ እንዴት ነሽ ልጄ፣ ሔቨን ደህና ናት፣ ቻምበሩስ፣ ቫኪዩሙ ይወርዳል? ቻምበሩን ነው የሚጠይቁኝ። ይወርዳል ጋሼ። እሰይ። ጋሼ፣ መኪናውን አይሽጡ። ይቺ ልጅ ነገረችሽ፣ አይ፣ ይሻላል አጸደ፣ ትናንት ሰው መንገድ ሲያቋርጥ አይቼ፣ አይቼዋለሁ ወይስ አላየሁትም ብዬ ቆሜ ቀረሁ፣ ከኋላዬ ጡሩንባ፣ አይ፣ በቃኝ።

በሩን የቀባሁት እኔ ነኝ።

ምን አልሽ?

እርስዎ አልቀቡትም ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ሲሊኮኑን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ሊንዳ ፊት ስጠይቅዎት አውቅ ነበር፣ እያወቅኩ ነው የጠየቅኩዎት፣ ምንም አልረሱም፣ እንዲያውም እርስዎ ያን ቀን

ቆይ። ዝም በይ።

ጋሼ

ዝም በይ አልኩሽ። አትንገሪኝ። እኔ ልንገርሽ። ትንፋሻቸው ይሰማኛል፣ ወንበር ይንቋቋል፣ ተነስተው ይሆን ተቀምጠው። በረዶ ይጥል ነበር፣ ይላሉ። እ? በረዶ ይጥል ነበር፣ ጣሪያው ይጮህ ነበር፣ ስልክ በጆሮሽ ይዘሽ ነበር፣ በግራ፣ ልጅሽ ናት፣ እኔ ጨርቄን እያጠፍኩ ነው፣ ሰማያዊውን አነሳሽ፣ ነጩ እዚያው አጠገቡ ነበር፣ ይሄኛው ነው እንዴ አልኩሽ፣ አንቺ አሥራ አንድ ዓመት አልሽ። በአውራ ጣትሽ ነው የቀባሽው፣ በሌባ ጣት ነው እኔን ያስተማርሽኝ፣ አንቺ ግን በአውራ ጣትሽ፣ ቸኩለሽ፣ ብዙ ነበር፣ ይታይ ነበር።

አውራ ጣቴን። እኔ ራሴ ረስቼዋለሁ፣ አሁን ነው ያየሁት፣ እጄን ዘርግቼ እያየሁት ነው።

አዎ ጋሼ።

ብዬሽ ነበር።

አዎ።

ብዬሽ ነበር፣ ይላሉ እንደገና፣ ለኔ የሚሉት አይመስለኝም፣ ድምፃቸው ተሰብሮ ነው፣ ወይ እየሳቁ ነው ወይ እያለቀሱ ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ይላሉ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን አጸደ፣ ሌሊት እየተነሳሁ የልጄን ስም እጠራ ነበር፣ ጠፍቶኝ እንደሆነ ብዬ። ይቅርታ ልል ነው፣ ቃሉ አፌ ላይ ነው፣ ምን ያህሉ ይበቃል፣ የቱ ያህል ነው የማይታየው፣ ጋሼ እላለሁ፣ ስልኩ ግን ከጆሯቸው ርቋል፣ አልዘጉትም፣ ረስተውት አይደለም፣ ለኔ የሚሉት ስላለቀ ነው፣ ከሩቅ ነው የምሰማቸው፣ ቤቱን በሙሉ ድምፃቸው እየሞሉት፣ ሳሌም፣ ሳሌም፣ ቁልፌን አምጪ፣ የመኪናዬን ቁልፍ አምጪልኝ፣